ክሮስቱል-ኤንጂ በማክኦኤስና በዊንዶውስ አልገነባ ሲል

ማክኦኤስ ላይ አርም ፕሮሰሰር ላለው ቦርድ ክሮስ ኮምፓይለር (በአንድ ማሽን ላይ ሆኖ ለሌላ ዓይነት ማሽን ፕሮግራም የሚያዘጋጅ መሣሪያ) ለመገንባት ሲሞከር፣ መገንቢያው ክሮስቱል-ኤንጂ ገና ሲነሳ «ፋይል ሲስተሙ ትልቅና ትንሽ ፊደል አይለይም» ብሎ ይቆማል። የጂሲሲን (የኮምፓይለሩን) ቨርዥን መቀየር አልረዳም፤ ሁሉንም አራግፎ እንደገና መጫንም እንዲሁ። ምክንያቱ ወዲህ ነው፦ ለግንባታው በሚያስፈልጉት የሊኑክስ ከርነል ሄደሮች፣ ኔትፊልተር ፎልደር ውስጥ «ኮንማርክ» የሚባል ፋይል አንዴ በትልልቅ፣ አንዴ በትንንሽ ፊደል ተጽፎ ሁለት ጊዜ አለ። የማክ ዲስክ በነባሪ ሁለቱን እንደ አንድ ስለሚቆጥራቸው አንዱ በሌላው ላይ ይጻፋል።

መፍትሔው በዲስክ ዩቲሊቲ 20 ጊጋባይት ስፓርስ ኢሜጅ (እንደ ዲስክ የሚከፈት ፋይል) ፈጥሮ ፎርማቱን ፊደል የሚለየው ኤፒኤፍኤስ ማድረግ ነው። ግን የሥራ ፎልደሩን ብቻ ወደዚያ ማዛወር አይበቃም! ያለቀው ኮምፓይለር በነባሪ የሚገባው በሆም ውስጥ ወዳለው ኤክስ-ቱልስ ነው፤ እሱም በሜኑኮንፊግ (በክሮስቱል-ኤንጂ የማስተካከያ ሜኑ)፣ ፕሪፊክስ ዳይሬክተሪ በሚለው ቦታ ወደ ኢሜጁ መዞር አለበት። ቀናት የፈጀው ይሄ ነው።

ዊንዶውስ ላይ ሊኑክስን በዊንዶውስ ውስጥ በሚያስኬደው ደብሊውኤስኤል ሲሠራ ሶርሱን ከሲ ድራይቭ አውጥቶ በሊኑክሱ ሆም ውስጥ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። ከዚያ የሚቀረው ችግር በፓዝ (ሲስተሙ ፕሮግራሞችን በሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ውስጥ ያሉት ስማቸው ክፍተት ያለበት የዊንዶውስ ፎልደሮች ናቸው፤ በደብሊውኤስኤል ኮንፍ ፋይል፣ ኢንተሮፕ ስር፣ አፔንድ ዊንዶውስ ፓዝን ፎልስ አድርጎ ደብሊውኤስኤልን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ መክፈት ያስወግዳቸዋል።