የአየር ሳስፔንሽን ያላትን መኪና ከመግዛታችሁ በፊት አሳድራችሁ ለኩ

ባህር ዳር ውስጥ ያገለገለ ሬንጅ ሮቨር ስፖርት፣ መርሴዲስ ጂኤልኢ ወይም አውዲ ኪው7 የምታዩ ሰዎች፣ ነድቶ መሞከር ብቻውን አይበቃም። የአየር ሳስፔንሽን ያላት፣ ማለትም በሞላ ፋንታ የአየር ፊኛ የተገጠመላት ከሆነች፣ ሞተሩ እየሠራ ከፊኛው የሚወጣውን አየር ኮምፕሬሰሩ (አየር የሚሞላው ፓምፕ) ስለሚተካ ጉድለቱ አይታይም።

ማታ ሜዳ ቦታ ላይ አቁማችሁ ሞተሩን አጥፉ። ከቸርኬው መሀል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ አራቱንም በሜትር ለክታችሁ ጻፉ። ከመሬት አትለኩ፤ የጎማ ንፋስ ቁጥሩን ያዛባዋል። ጠዋት በሩ ከመከፈቱ በፊት ድገሙት። ይቺን አደራ! አንዳንዶቹ ቁልፍ ሲጫን ወይም በር ሲከፈት ነቅተው ከፍታቸውን ያስተካክላሉ።

አራቱም እኩል ጥቂት ሚሊሜትር ቢወርዱ አያስደነግጥም፤ አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ ይጠባል። አንዱ ጥግ ብቻ 2 ሳንቲሜትርና ከዚያ በላይ ከወረደ ግን አብዛኛውን ጊዜ ፊኛው ወይም ቱቦው ያፈሳል ማለት ነው። የሳሙና ውሃ ስትቀቡት ቀዳዳው ላይ አረፋ ይሠራል። በተለይ ከከተማ ወጣ ባሉ የጠጠር መንገዶች ስትመላለስ የኖረች ከሆነ በደንብ እዩ፤ አሸዋ ፊኛው እጥፋት ውስጥ ገብቶ ላስቲኩን ይፈገፍገዋል። ፊኛው ሲያፈስ ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ዕረፍት አጥቶ ይቃጠላል፤ ወጪው ድርብ ይሆናል። ዋጋ ከመነጋገራችሁ በፊት የሁለቱንም ዕቃ ዋጋ ጠይቁ።

ባለቤቱ ማሳደር ካልፈቀደ ከጠዋት እስከ ማታ ማቆምም ትልቁን ፍሳሽ ያሳያል። ጂኤልኢና ኪው7 በሞላም ስለሚመጡ መጀመሪያ ጎንበስ ብላችሁ አረጋግጡ፤ ሞላ ከሆነ ይህ ልኬት አያስፈልግም።