መጀመሪያ ካርዱ፣ ከዚያ ስክሪኑ፦ የጌም ሞኒተር ስትገዙ ከእነዚህ ስህተቶች ራቁ

ኮምፒውተር መግጠምና ማስተካከል ሥራዬ ስለሆነ፣ ይህ ጥያቄ ሳይመጣልኝ የሚያልፍ ሳምንት የለም ማለት ይቻላል፦ «አዲስ ሞኒተር ገዛሁ፣ ጌሙ ግን ከድሮው ባሰበት። ምን ላድርግ?» ገና ኮምፒውተሩን ሳልነካ መልሱን እገምተዋለሁ። ሞኒተሩ የተመረጠው ውስጥ ያለው ግራፊክስ ካርድ ምን እንደሆነ ሳይታይ ነው። እዚህ አገር ሞኒተር በሚሸጥበት ዋጋ ደግሞ ተሳስቶ መግዛት እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይደለም። መልሶ መሸጥም ያከስራል። ስለዚህ ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች ልንገራችሁ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለምትገዙ።

ትልቁ ስህተት ትልቁን ቁጥር መግዛት ነው። «4ኬ ከሁሉም ይበልጣል አይደል? በቃ እሱ ይሁንልኝ» ማለት።

ቁጥሩን አብረን እንየው። ፉል ኤችዲ፣ ማለትም 1920 በ1080፣ 2 ሚሊዮን ገደማ ፒክስል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራበት ትንንሽ ነጥብ፣ አለው። 1440ፒ የሚባለው 2560 በ1440 ወደ 3.7 ሚሊዮን ይደርሳል። 4ኬ፣ 3840 በ2160፣ 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብዙ ሰው 4ኬ የፉል ኤችዲ ሁለት እጥፍ ይመስለዋል። ግን ወርዱም ቁመቱም እጥፍ ስለሚሆን በጠቅላላው አራት እጥፍ ነው። ይህን ሁሉ ፒክስል የሚስለው ግራፊክስ ካርዱ ነው፣ ያውም ለእያንዳንዱ ፍሬም፣ ማለትም ተከታትለው ለሚመጡት ምስሎች ለእያንዳንዳቸው፣ እንደ አዲስ። በሰከንድ 60 ፍሬም ማየት ከፈለጋችሁ፣ 4ኬ ላይ ካርዱ በየሰከንዱ ወደ 500 ሚሊዮን ፒክስል መሳል አለበት። ለፉል ኤችዲ የተሠራ ካርድ ላይ ይህን መጫን የሲኖትራክ ጭነት በባጃጅ እንደማመላለስ ነው።

አንድ ልጅ አሜሪካ ላለች እህቱ «ለጌም የሚሆን ምርጥ ሞኒተር ላኪልኝ» ይላታል። እሷም ሳትሰስት 27 ኢንች 4ኬ ገዝታ በሰው ላከችለት። ቤቱ ያለው ካርድ ጂቲኤክስ 1650 ነው፣ ሜሞሪው 4 ጊጋባይት። ጂቲኤ 5ን ከፈትንና ግራፊክስ ሴቲንግ ውስጥ ገብተን ሪዞሉሽኑን (የፒክስሉን ብዛት) 4ኬ ላይ፣ ጥራቱን ከፍ አድርገን አስቀመጥነው። የቪዲዮ ሜሞሪውን የሚያሳየው መስመር ጥግ ድረስ ሄዶ ቀይ ሆነ። የጥላውን፣ የሣሩን፣ የውሃውን ጥራት አንድ በአንድ ስናወርድ መስመሩ ቀስ እያለ ተመለሰ። መኪና ይዘን ከተማ ውስጥ ስንፈጥን ግን ምስሉ አሁንም ይቆራረጣል፣ ፍሬሙም ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል። መጨረሻ ላይ ወደ 1080 አወረድነው። ልጁ ዛሬም በ4ኬ ሞኒተሩ ላይ በፉል ኤችዲ ነው የሚጫወተው። እህቱ ባወጣችው ብር 144 ኸርዝ ያለው (በሰከንድ 144 ጊዜ ምስል የሚቀይር) ጥሩ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ይገዛ ነበር፣ የሚተርፈው ደግሞ ለተሻለ ካርድ ይደጉማል። እንዲህ ያለ ነገር ሳይ በጣም ነው የምናደደው። የምናደደው በልጁ አይደለም። ዕቃው ከመላኩ በፊት «ካርድህ ምንድን ነው?» ብሎ የጠየቀው አንድ ሰው አለመኖሩ ነው የሚያናድደኝ።

ውጭ ያለ ዘመድ ስታስቸግሩ «ጥሩ ሞኒተር» ብቻ አትበሉ። ዘመድ ስለሚወዳችሁ ውዱን ይመርጣል። ኢንቹን፣ ሪዞሉሽኑንና ኸርዙን ጽፋችሁ ላኩ። ፓወሩ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል መኖሩን ያረጋግጡላችሁ። ከነካርቶኑና ከነፎሙ ይምጣ። በልብስ ተጠቅልሎ ሻንጣ ውስጥ መጥቶ ጥጉ ላይ የተሰነጠቀ ፓናል ስንት ጊዜ አይቻለሁ፤ መለወጫው አይገኝም፣ ቢገኝም አያዋጣም።

ታዲያ ለየትኛው ካርድ የትኛው ሪዞሉሽን? በእጄ ካለፉት ልናገር። እንደ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ እና 1650 ያሉ ባለ 4 ጊጋባይት ካርዶች የፉል ኤችዲ ካርዶች ናቸው፣ እሱንም በአዳዲስ ጌሞች ላይ ሴቲንግ ቀንሳችሁ ነው። ያገለገለ ገበያ ላይ በብዛት የምታገኟቸው ጂቲኤክስ 1060 ባለ 6 ጊጋ እና አርኤክስ 580 ባለ 8 ጊጋም እዚያው ፉል ኤችዲ ላይ ናቸው። አርቲኤክስ 3060 እና 4060 ፉል ኤችዲን በደንብ ያጫውታሉ። 1440ፒ ላይም ሴቲንግ እያስተካከላችሁ ትሄዳላችሁ። አርቲኤክስ 4070 ወይም አርኤክስ 7800 ኤክስቲ ሲኖራችሁ 1440ፒ የእናንተ ቦታ ነው። 4ኬን ያለ ብዙ ጭንቀት የምታስቡት ከዚያ በላይ ወጥታችሁ ነው። ለብቻው ካርድ የሌለው፣ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ባለው ግራፊክስ ብቻ የሚሠራ ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ ከፉል ኤችዲ በላይ ያለውን ሞኒተር ለጌም ብላችሁ አትዩት።

ላፕቶፕ ያላችሁ ሰዎች ስም አያታልላችሁ። የላፕቶፑ አርቲኤክስ 3060 እና የዴስክቶፑ አርቲኤክስ 3060 አንድ አይደሉም። የላፕቶፑ 6 ጊጋባይት ሜሞሪ ነው ያለው፣ የዴስክቶፑ ዋነኛው ደግሞ 12። ላፕቶፑ ላይ የሚሰጠው ዋትም ያንሳል። ስሙን አይቶ 1440ፒ ሞኒተር የገዛ ሰው አዲስ ጌም ሲከፍት ልዩነቱን ያየዋል።

የምትጫወቱትንም ጌም አስቡበት። ቫሎራንት እና ካውንተር ስትራይክ የሚጫወት ሰው የሚጠቅመው ፍሬም ነው። 60 ኸርዝ ላይ አዲስ ምስል በየ16.7 ሚሊ ሰከንዱ ይመጣል፣ 144 ኸርዝ ላይ በየ7 ሚሊ ሰከንዱ ገደማ። ቫሎራንት ቀላል ጌም ስለሆነ ጂቲኤክስ 1650 እንኳ በፉል ኤችዲ ከ100 ፍሬም በላይ ይሰጣችኋል። ስለዚህ በአንድ ዋጋ 1440ፒ ባለ 60 ኸርዝ እና ፉል ኤችዲ ባለ 144 ኸርዝ ቀርቦላችሁ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ውሰዱ። ሳይበርፐንክ 2077 ወይም ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን 2 ላይ መልክዓ ምድሩን እያየሁ ነው የምጫወተው የሚል ሰው ግን ሪዞሉሽኑ ይጠቅመዋል፣ ካርዱ ከቻለ።

የፒንግ፣ ማለትም በኢንተርኔት የሚመጣውን የመዘግየት ችግር ሞኒተር አይፈታውም። ሰርቨሩ ያለው ባሕር ማዶ ነው።

ብዙዎች ተገልብጦ የሚገባቸው ነገር ደግሞ ፕሮሰሰሩ ነው። «ፕሮሰሰሬ አሮጌ ስለሆነ ከፍ ያለ ሪዞሉሽን አይችልም» ይላሉ። ፕሮሰሰሩ የሚያሰላው ጠላት የት እንደሚሄድ፣ ጥይቱ የት እንዳረፈ፣ መኪናው እንዴት እንደተገለበጠ ነው። ይህ ሥራ 1080 ላይም 1440 ላይም ያው ነው ማለት ይቻላል። ሪዞሉሽን ሲጨምር የሚጨናነቀው ካርዱ ነው። ከሁለቱ ወደ ኋላ የያዛችሁ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ከፈለጋችሁ ቀላል መንገድ አለ። ጌሙን ክፈቱና አንድ ቦታ ላይ ቁማችሁ ፍሬሙን እዩ። ከዚያ ሪዞሉሽኑን ወደ 1280 በ720 አውርዱና እዚያው ቦታ ላይ እንደገና እዩ። ፍሬሙ በጣም ከጨመረ የያዛችሁ ካርዱ ነው፣ ከፍ ያለ ሪዞሉሽን አትግዙ። ፍሬሙ ካልተነቃነቀ ግን የያዛችሁ ፕሮሰሰሩ ነው፣ ካርዱ ሥራ ፈቶ ተቀምጧል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ 1440ፒ ቢሄድ ፍሬም ብዙም ሳይቀንስበት የተሻለ ምስል ያገኛል። ይህን ሙከራ ሞኒተር ከመግዛታችሁ በፊት አሁን ባላችሁ ስክሪን ላይ ማድረግ ትችላላችሁ፣ አምስት ደቂቃም አይፈጅም፣ እባካችሁ አድርጉት።

«1440ፒ ልግዛና ካልቻለ ወደ 1080 አወርደዋለሁ» የሚል ሰውም ብዙ ነው። ይቻላል፣ ግን አያምርም። ስክሪኑ ቁመቱ ላይ ያለው 1440 ረድፍ ፒክስል ነው። 1080ውን ወደ 1440 ለመዘርጋት አንዱን ረድፍ 1.33 ረድፍ ማድረግ ሊኖርበት ነው። ግማሽ ፒክስል ስለሌለ ጎን ለጎን ያሉትን ቀለሞች ያደባልቃቸዋል። ካርታው ላይ ያሉትን ትናንሽ ጽሑፎች ቀረብ ብላችሁ ብታዩ ጠርዛቸው ሟሙቶ ታገኙታላችሁ፤ ተራ ፉል ኤችዲ ሞኒተር ላይ ቁልጭ ብለው የሚታዩት ጽሑፎች ናቸው። ካርዱ ካቃተው የሞኒተሩን ሪዞሉሽን አትንኩት። ጌሙ ውስጥ ያለውን ዲኤልኤስኤስ ወይም ኤፍኤስአር ክፈቱ፤ ሁለቱም ምስሉን በትንሽ ሪዞሉሽን ሠርተው የሚያሳድጉ ናቸው። ሜኑውና ጽሑፉ በሙሉ ጥራቱ ይቆያል፣ የሚቀንሰው የጌሙ ምስል ብቻ ነው። ዲኤልኤስኤስ የሚሠራው አርቲኤክስ ካርዶች ላይ ነው። ኤፍኤስአር ግን አሮጌ የኤንቪዲያና የኤኤምዲ ካርዶች ላይም የሚሠራ ዓይነት አለው።

እዚህ ላይ ግን «ዲኤልኤስኤስ አለኝ» ብላችሁ ሌላ ስህተት ውስጥ እንዳትገቡ። ኳሊቲ የሚለው ምርጫ 1440ፒ ላይ ምስሉን የሚሠራው 1707 በ960 ገደማ አድርጎ ነው፣ ከዚያ ያሳድገዋል። ውጤቱ ጥሩ ነው። ፉል ኤችዲ ላይ ግን ያው ኳሊቲ ከ1280 በ720 ነው የሚነሳው፣ የሚያሳድገው ነገር ጥቂት ስለሆነ ምስሉ ይለሰልሳል። አንዳንዱ ጌም ደግሞ ጭራሹኑ የለውም።

ስፋቱን ሳያዩ ሪዞሉሽን መምረጥም አለ። 24 ኢንች ፉል ኤችዲ በአንድ ኢንች ውስጥ 92 ገደማ ፒክስል አለው። ያንኑ ሪዞሉሽን 27 ኢንች ላይ ስታደርጉት ወደ 82 ይወርዳል፣ ጠረጴዛ ላይ ቀረብ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ፊደላቱ ሸካራ ይሆናሉ። 27 ኢንች ከፈለጋችሁ 1440ፒ ነው የሚመቸው፣ 109 ገደማ ነው። ፉል ኤችዲ የምትገዙ ከሆነ 24 ላይ ቁሙ።

ቴሌቪዥንን ሞኒተር ላደርግ የምትሉ፣ ባለ 32 ኢንቹን ስፔክ አንብቡ። ኤችዲ ወይም ኤችዲ ሬዲ ተብለው የሚሸጡት ብዙዎቹ ፉል ኤችዲ አይደሉም፣ 1366 በ768 ናቸው። ጌም ሞድ ካለው ክፈቱት፣ አለዚያ ማውሱ ከእጃችሁ ዘግይቶ ይመጣል።

ፕሌይስቴሽንም በዚያው ስክሪን የምትጫወቱ ከሆነ፦ ፕሌይስቴሽን 4 1440ፒ አያወጣም፣ ፉል ኤችዲ ይበቃዋል። ፕሌይስቴሽን 5 ደግሞ 1440ፒ የጀመረው በ2022 መስከረም በፈረንጆቹ በመጣው አፕዴት ነው፣ ስለዚህ አፕዴት አድርጉት።

የሞኒተሩን ኬብል ኮምፒውተሩ ማዘርቦርድ ላይ ሳይሆን ግራፊክስ ካርዱ ላይ ሰኩ።

ስለ ኬብል ካነሳን አይቀር፣ አንድ ደንበኛ 4ኬ ሞኒተሩ ፌክ ነው ብሎ ሊመልሰው ተነስቶ ነበር። ማውሱን ሲያንቀሳቅሰው ቀስቱ እየዘለለ ነው የሚሄደው። ሴቲንግ ውስጥ ስናይ 30 ኸርዝ ይላል። ሞኒተሩ ምንም አልሆነም፣ የላፕቶፑ ሶኬት ነው ኤችዲኤምአይ 1.4 የሆነው፣ እሱ ደግሞ 4ኬን ከ30 ኸርዝ በላይ አያሳልፍም። 4ኬን በ60 ለማየት ኤችዲኤምአይ 2.0 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.2 ያስፈልጋል። በ120 ከሆነ ኤችዲኤምአይ 2.1 ወይም ዲስፕሌይፖርት 1.4። ካርዱም፣ ሞኒተሩም፣ ኬብሉም ሦስቱም መቻል አለባቸው። ባለ 144 ኸርዝ ሞኒተር ገዝታችሁ ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ነው የሚያስጀምራችሁ። ሴቲንግ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ ራሳችሁ ቀይሩት። ወራት ሙሉ 60 ላይ ሲጫወቱ የከረሙ ልጆች አግኝቻለሁ፣ ስቀይርላቸው ፊታቸው ላይ የማየው ደስታ ግን ሥራዬን ያስወድደኛል።

«ካርዱን በኋላ አሻሽላለሁ» ብላችሁ ሞኒተሩን አስቀድማችሁ አትግዙ። የካርዱ ብር በእጃችሁ ካለ ጥሩ። ከሌለ፣ እስከዚያው በተንቀራፈፈ ጌም ነው የምትቆዩት። አዲሱ ካርድ ሲመጣ ደግሞ ፓወር ሰፕላይም ሊያስቀይራችሁ ይችላል።

ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍም በጥንቃቄ አንብቡ። «4ኬ ይደግፋል» ማለት ስክሪኑ 4ኬ ነው ማለት አይደለም፣ 4ኬ ሲግናል ተቀብሎ አሳንሶ ያሳያል ማለት ሊሆን ይችላል። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ላፕቶፕ ይዛችሁ ሂዱና ሱቁ ውስጥ ሰኩት። ዊንዶውስ ሪዞሉሽን ዝርዝር ላይ ሪኮሜንድድ የሚለው ከየትኛው ቁጥር ጎን እንደሆነ እዩ፣ ከተነገራችሁ ጋር ይመሳሰል። ኖትፓድ ክፈቱና ትናንሽ ፊደላት ጻፉ፣ ቁልጭ ብለው መታየት አለባቸው። ከዚያ ሙሉ ጥቁር፣ ነጭ፣ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ምስል በየተራ ክፈቱና የሞተ ፒክስል ካለ ፈልጉ፣ ጥጎቹንም አትርሱ። ሻጩ አልሰካም ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።