ሆስፒታል በተኛ ሕመምተኛ ላይ ሽፍታ ሲወጣ ምን ይደረግ?

ዋርድ ውስጥ ሽፍታ ሲታይ ጣት የሚቀሰረው ትናንት በተጀመረው መድኃኒት ላይ ነው። ጥፋተኛው ግን ብዙ ጊዜ ከሳምንት በፊት የተጀመረው ነው። ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ወረቀት ላይ ሰንጠረዥ ሥሩ፦ የመድኃኒቱ ስም፣ የተጀመረበት ቀን፣ የቆመበት ቀን፣ ሽፍታው የታየበት ቀንና ሰዓት። የቆሙትንም አትዝለሉ። ሕመምተኛውንም አስታማሚውንም ስላለፉት ስምንት ሳምንታት ጠይቁ፤ ያለ ማዘዣ የተገዛ ክኒንና የባህል መድኃኒት ካልተጠየቀ አይነገርም።

ሰንጠረዡ ሲያልቅ ጊዜው ራሱ ይናገራል። መድኃኒቱ በተሰጠ በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ የሚያሳክክ፣ ከቦታ ቦታ የሚዘዋወር እብጠት ከወጣ አስቸኳይ አለርጂ ነው። ከ4 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ከደረትና ከጀርባ የሚጀምር ተራ ሽፍታ በብዛት የሚታየው ነው፤ አሞክሲሲሊን፣ ሴፍትሪያክሶንና ኮትሪሞክሳዞል የታወቁ መነሻዎቹ ናቸው። ከ2 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ትኩሳት፣ የፊት እብጠትና የንፍፊት ማበጥ አብሮ ከመጣ ድሬስ (DRESS) የሚባለውን፣ የውስጥ አካላትንም የሚጎዳ ከባድ የመድኃኒት አለርጂ ጠርጥሩና የጉበት፣ የኩላሊትና የደም ሴል ምርመራ በዚያው ቀን ላኩ። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒንና አሎፑሪኖል እዚህ ጋ በግንባር ቀደምነት ይጠረጠራሉ።

ቫንኮማይሲን ለብቻው ይታይ። 1 ግራም ከ60 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከፈሰሰ ፊት፣ አንገትና ደረት ይቀላል፣ ያሳክካል። ይህ በአብዛኛው የፍጥነት ጣጣ ነው፤ ድሪፑን አቁሙ፣ ፀረ ሂስታሚን (የማሳከክና የአለርጂ መድኃኒት) ስጡ፣ ሲረጋጋ በግማሽ ፍጥነት መቀጠል ይቻላል። የደም ግፊት ከወረደ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ግን እንደ አናፊላክሲስ (ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ አለርጂ) ይታከማል።

ምርመራው በቀን ብርሃን፣ ልብስ ወልቆ፣ ጀርባም ተገልብጦ ይሁን። በጠይም ወይም በጥቁር ቆዳ ላይ መቅላት እንደ መጽሐፉ ሥዕል አይታይም፤ ጠቆር ያለ ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ይመስላል። በእጅ ጀርባ ሙቀቱን ዳስሱ፣ በጣት ተጫኑት። ሲጫኑት የማይጠፋ ነጥብ የደም መፍሰስ ምልክት ስለሆነ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው የደም ሴል) ይታይ።

ከዚያ አፍን፣ ዓይንን፣ ብልትን እዩ፤ ቆዳው ያሳክክ እንደሆነ ወይም ያምም እንደሆነ ጠይቁ። የሚያም ቆዳ፣ የቆሰለ ከንፈር፣ የሚያቃጥል ዓይን፣ ውሃ የቋጠረ ወይም ሲነኩት የሚገሸለጥ ቆዳ ካለ ስቲቨንስ ጆንሰን (ቆዳን የሚልጥ ከባድ የመድኃኒት ጉዳት) አይደለም እስካልተባለ ድረስ አትተኙ። እዚህ ላይ የሚደርሰው መዘግየት ያሳዝናል፦ የከንፈሩ ቁስል «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ይቀባል፣ ኮትሪሞክሳዞሉም ይቀጥላል። የተላጠውን ስፋት በሕመምተኛው በራሱ መዳፍ፣ ጣቶቹን ጨምሮ፣ ለኩ፤ አንድ መዳፍ 1 በመቶ ያህል ነው። ከ10 በመቶ በታች ስቲቨንስ ጆንሰን፣ ከ30 በላይ ቴን (TEN፣ የዚሁ በሽታ የከፋው ዓይነት) ይባላል፤ መሀሉ የሁለቱ ድብልቅ ነው።

እነዚህ ምልክቶች ከታዩ የጠዋት ራውንድ አይጠበቅም። ተረኛ ሐኪም ተጠርቶ የተጠረጠረው መድኃኒት በዚያው ሰዓት ይቁም። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ከፌኒቶይን ወደ ካርባማዜፒን ወይም ፌኖባርቢታል አይዛወር፤ ሦስቱም ተመሳሳይ ጉዳት ያመጣሉ። ሌቬቲራሴታም ካለ ይሻላል። በተላጠ ቆዳ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ቫዝሊን የተነከረ ጎዝ አልብሱ። የቃጠሎ ቅባት የሆነው ሲልቨር ሰልፋዲያዚን የሰልፋ ዘር ስለሆነ ይቅር። የዓይን ሐኪም በዚያው ቀን ይይ፤ የዓይን ጠባሳ ዕድሜ ልክ ይቀራል።

ሽፍታው ከትንፋሽ ማጠር፣ ከድምፅ መጎርነን ወይም ከግፊት መውረድ ጋር ከመጣ መድኃኒቱን አቁማችሁ ለአዋቂ 0.5 ሚሊ ግራም አድሬናሊን (በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ካለው 0.5 ሚሊ ሊትር) በጭን የውጭ ጎን ጡንቻ ውስጥ ውጉ። ካልተሻለው ከ5 ደቂቃ በኋላ ድገሙ። ሃይድሮኮርቲሶንም ሆነ ፀረ ሂስታሚን አድሬናሊንን አይተካም።

ሕመምተኛው ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒቱ ስምና የዚያው ቤተሰብ መድኃኒቶች ስም በአማርኛ የተጻፈበት ወረቀት ይያዝ፤ «መርፌ አልተስማማኝም» የሚል ታሪክ ለሚቀጥለው ሐኪም ምንም አይነግረውም። የቻርቱም ሽፋን ላይ በቀይ ይጻፍ። የመድኃኒት ጉዳት ማሳወቂያው ቢጫ ቅጽ ተሞልቶ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላክ፤ በነፃ ስልክ 8482ም ማሳወቅ ይቻላል።