የአደጋ ሰቀቀን ያለበትን ሰው ስንረዳ የምንሳሳታቸው ነገሮች

አዳማ የጅቡቲ መንገድ ከተማ ናት። ከመኪና አደጋ ተርፈው «ሰውነቴስ ደህና ነው፤ እንቅልፍ ነው ያጣሁት» እያሉ ወደ እኛ ወደ አእምሮ ጤና ባለሙያዎቹ የሚመጡ ሰዎች አይጠፉም። ችግሩ ብዙ ጊዜ ፒቲኤስዲ፣ ማለትም እንደ አደጋና መደፈር ካለ ከባድ ድንጋጤ በኋላ የሚቀር የአእምሮ ሕመም ነው፤ ቤተሰብ በቅንነት የሚያባብሰውም እሱን ነው።

«እርሳው» ማለት። ይህን ስሰማ ትዕግሥቴ ያልቃል። መርሳት ቢችል ኖሮ መች እኛ ዘንድ ይመጣ ነበር? ትዝታው ሳይጠራ በሕልም፣ በድምፅ፣ በናፍጣ ሽታ ይመጣበታል። «እርሳው» የተባለ ሰው ያለው አማራጭ መሸሽ ብቻ ነው። አንድ የከባድ መኪና ረዳት ከግጭት በኋላ መጀመሪያ ጋቢና መቀመጥ ተወ፤ ቀጥሎ ባጃጅ መሳፈር ተወ። በኋላ የሲኖትራክ ፍሬን አየሩን ሲለቅ ስለሚያስበረግገው አስፋልት መሻገርም ቀረና ቤት ዋለ። ቤተሰቡ አዝነውለት እየተላላኩ ያግዙት ነበር። መሸሽ ለጊዜው ልብ ያሳርፋል፤ ፍርሃቱን ግን ይቀልባል። የተሻለው ከባለሙያ ጋር ቀስ በቀስ ወደ ፈራው ነገር ሲመለስ ነው፦ መጀመሪያ ከሩቅ መኪና ማየት፣ ከዚያ የቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ፣ ልቡ እስኪረጋም አለመውረድ።

ተናገር ብሎ ማስጨነቅ። ጎረቤት ተሰብስቦ «እስቲ ከመጀመሪያው አጫውተን» ይላል። የተደፈረች ልጅን እንዲህ መጠየቅማ ጭካኔ ነው። ራሷ ስትጀምር ብቻ አዳምጡ።

በሳምንቱ «ታመመ» ማለት። ምልክቶቹ ከወር በላይ ካልዘለቁ ፒቲኤስዲ አይባልም፤ አብዛኛው ሰው በራሱ ያገግማል። ራሱን ስለማጥፋት ካወራ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ።

ሌሊት ሲቃዥ ይዞ መወዝወዝ። ሳያውቅ ሊመታችሁ ይችላል። ራቅ ብላችሁ ስሙን ጥሩት፣ መብራት አብሩ።

ጫትና አረቄ፦ ጫቱ የጠፋውን እንቅልፍ ያርቃል፣ አረቄው ሌላ በሽታ ይጨምራል።

ከፋርማሲ ዲያዜፓም የተባለውን ማረጋጊያ ክኒን ገዝቶ መዋጥ። ያደነዝዛል፣ ሱስ ያስይዛል፣ ሕመሙን ግን አያክምም። ሐኪም የሚያዘው እንደ ሰርትራሊን ያለ መድኃኒት ደግሞ ሳምንታት ይፈልጋል፤ ብዙዎች በአምስተኛው ቀን «አልሠራልኝም» ብለው ይጥሉታል።

ጠበል መሄድ ስህተት አይደለም። ስህተቱ ክኒኑን አቁሞ መሄድ ነው። ቄሱም ሼኹም «መድኃኒትህን አትተው» ካሉልን የሥራችን ግማሹ ቀለለ።