የአሜሪካን የበቆሎ ውስኪ እንዴት እንደሚቀምሱ

የአሜሪካ ውስኪ ሲባል አብዛኛው ሰው የሚያስበው በርበንን ነው። የበቆሎ ውስኪ በበርበን ዓይን ከታየ ግን ሁልጊዜ ጎደሎ ሆኖ ይገኛል። በርበን ቢያንስ 51 በመቶ በቆሎ ይዞ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ቀለሙም የቫኒላና የካራሜል ጣዕሙም በብዛት ከዚያ እንጨት የሚመጣ ነው። የበቆሎ ውስኪ ደግሞ በአሜሪካ ሕግ ከእህሉ ቢያንስ 80 በመቶው በቆሎ መሆን አለበት እንጂ በርሜል ውስጥ የመቆየት ግዴታ የለበትም። ከቆየም በርሜሉ ያገለገለ ወይም ውስጡ ያልተለበለበ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ የሚፈለገው እንጨቱ ሳይሆን እህሉ ነው።

ሁለት ጠርሙስ ቢያገኙ ጥሩ ነው፤ አንድ ያልቆየ፣ አንድ የቆየ። ካልቆዩት ውስጥ ጆርጂያ ሙን በመስታወት ማሰሮ ነው የሚሸጠው። ከቆዩት ምርጫዬ የኬንታኪው ሄቨን ሂል የሚያወጣው ሜሎ ኮርን ነው። ቢጫ ወረቀቱ ያረጀ ቢመስልም በላዩ ያለው “ቦትልድ ኢን ቦንድ” የሚለው ጽሑፍ ቁም ነገር አለው። በ1897 በወጣ ሕግ መሠረት ውስኪው ከአንድ ፋብሪካና ከአንድ የምርት ወቅት የወጣ፣ ቢያንስ 4 ዓመት የቆየና የአልኮል መጠኑ 50 በመቶ የሆነ ነው ማለት ነው።

ከመቅመስዎ በፊት ቡናም በርበሬ የበዛበት ምግብም ይቆይ። አፉ ጠበብ ያለ ብርጭቆ ይምረጡ፤ በረዶ አይጨምሩ፤ 20 ሚሊ ሊትር ያህል ቀድተው ጥቂት ደቂቃ ይተዉት። ካልቆየው ይጀምሩ።

ቀጥሎ ማሽተት ነው፤ ብዙው ነገር የሚታወቀውም እዚህ ነው። አፍንጫዎን ብርጭቆው ውስጥ አይክተቱ፣ አልኮሉ ያደነዝዘዋል። ብርጭቆውን አገጭዎ አጠገብ ይያዙና አፍዎን ትንሽ ከፍተው ቀስ ብለው ይሳቡ። ካልቆየው ላይ የበቆሎ ገንፎ፣ አንዳንዴም የእሸት ሽታ ይመጣል። ከቆየው ላይ ቅቤ የነካው የበቆሎ ቂጣና ከኋላው ስስ የቫኒላ ሽታ ያገኛሉ። የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ወይም የማጣበቂያ ሽታ ጎልቶ ከመጣ ሲነጠር መጀመሪያ የወጣው ክፍል በደንብ አልተለየም ማለት ሊሆን ይችላል። አረቄ ሲወጣ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ያልቆየ ውስኪ እንዲህ ያለውን ጉድለት የሚሸፍንበት እንጨት የለውም፤ እኔ የነጣሪውን እጅ የምለካው በዚህ ነው። አፍንጫዎ ሲደክም የራስዎን ክንድ አሽትተው ይመለሱ።

በመጀመሪያው ጉንጭ ምንም አይፍረዱ፣ አፍን ከአልኮሉ ጋር ማላመጃ ነው። ሁለተኛውን ትንሽ ይጎንጩና ምላስዎ ላይ ጥቂት ሰከንድ ያንከባሉት። የበቆሎ ጣፋጭነት ከፊት ይመጣል፣ ቅባት የመሰለ ልስላሴም ይኖረዋል። ከዋጡ በኋላ ምን እንደቀረ ይጠብቁ።

አሁን ውሃ። 20 ሚሊ ሊትር ባለ 50 በመቶ ውስኪ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ውሃ፣ ማለትም 5 ሚሊ ሊትር፣ ሲጨመር ወደ 40 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ጊዜ አያፍስሱት፤ በጠብታ እየጨመሩ በየመሃሉ ያሽቱ። ሜሎ ኮርን ላይ ማቃጠሉ ሲበርድ ቂጣው የበለጠ ይወጣል።

በርበን ካለዎት መጨረሻ ላይ ያምጡት። ከዚያው ከሄቨን ሂል የሚወጣው ነጭ ወረቀት የተለጠፈበት ኢቫን ዊሊያምስም “ቦትልድ ኢን ቦንድ” ስለሆነ አልኮሉ እኩል 50 በመቶ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሲቀምሱ ልዩነቱን የሚያመጡት በዋናነት የእህሉ ድርሻና በርሜሉ ናቸው። ከበርበኑ በኋላ ወደ በቆሎው ለመመለስ ግን አይሞክሩ፣ እንጨቱ ምላስ ላይ ስለሚቆይ በቆሎው ጣዕም የለሽ ይመስልዎታል።