ሣር ለምታጠጡ፦ የፍሳሽ ሂሳባችሁ የሚወሰነው በብርድ ወራት ሊሆን ይችላል
አሜሪካ ውስጥ የግቢ ሣር ስታጠጡ ከውሃው ጋር የፍሳሹም ክፍያ አብሮ ሊያሻቅብ ይችላል፤ ከቤት የሚወጣው ፍሳሽ የራሱ ቆጣሪ ስለሌለው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰላው በገባው ውሃ መጠን ነው። 1,000 ስኩዌር ፊት ሣር በአንድ ኢንች ውሃ ለማጠጣት 623 ጋሎን ገደማ ያስፈልጋል፤ ያ ውሃ ደግሞ መሬት ውስጥ ይሰርጋል እንጂ ወደ ፍሳሽ መስመር አይገባም።

እንደ ኦስቲንና ዳላስ ባሉ ከተሞች ግን የዓመቱ የፍሳሽ ክፍያ ጣሪያ የሚወጣው በብርድ ወራት ከተጠቀማችሁት ውሃ አማካይ ነው፤ ኦስቲን ላይ እነዚህ ወራት ከኖቬምበር አጋማሽ እስከ ማርች አጋማሽ ያሉት ናቸው። በእነዚያ ወራት ሣር አታጠጡ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ የሽንት ቤቱን ታንከር ፈትሹ። ጥቂት የምግብ ቀለም ጨምራችሁ ውሃ ሳትለቁ 10 ደቂቃ ጠብቁ፤ ቀለሙ ወደ መቀመጫው ከወረደ ጎማው ያስተላልፋል ማለት ነው፤ በብርዱ ወራት እንዲህ የሚንጠባጠበው ውሃ አማካዩን ከፍ አድርጎ ዓመቱን ሙሉ ያስከፍላችኋል።

ይህ አሠራር በሌለበት ከተማ ለሣር ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ቆጣሪ ይፈቀድ እንደሆነ ጠይቁ፤ ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ግን የማስገጠሚያው ወጪ ከምታተርፉት ሊበልጥ ይችላል።