ኮምጣጣው፣ ሶዳውና የእማዬ እንዶድ

ነገሩ የጀመረው በራሴ ጥፋት ነው። ሽንት ቤቱን በበረኪና እያጠብኩ ነበር። መቀመጫው ውስጥ የተጋገረው ቡናማ ነገር አልለቅ ሲለኝ ‹‹አቼቶ ያስለቅቀዋል›› ሲባል የሰማሁት ትዝ አለኝና ከላዩ ደፋሁበት። ወዲያው ጉሮሮ የሚቆርጥ ሽታ ተነሳ። ዓይኔ እንባ በእንባ ሆነ። በረንዳ ላይ ወጥቼ ስስል የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ቀና ብላ ‹‹ምነው፣ በርበሬ እየቆላሽ ነው እንዴ?›› አለችኝ።

በርበሬ አልነበረም። በረኪና ከኮምጣጣ ነገር ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የሚባል መርዛማ ጋዝ ይወጣል። መስኮት በሌለው ጠባብ ሽንት ቤት ውስጥ ሰው ይጥላል። ስለዚህ ምንም ነገር ከመቀመማችሁ በፊት ይህችን ያዙልኝ፦ በረኪናን ከአቼቶ፣ ከሎሚ ወይም አሞኒያ ካለበት የመስታወት ማጽጃ ጋር በፍጹም አታገናኙ።

ከዚያ ወዲህ ቤቴን የማጸዳው በአብዛኛው ጓዳ ውስጥ በሚገኝ ነገር ነው። እጄ መላላጡን አቆመ። ወጪውም ቀነሰ። አንዴ የገዛሁት ፈሳሽ ሳሙና ግማሹ ውሃ ነበር። ውሃ በፈረቃ ለሚደርሰን ሰዎች እንኳ ውሃ በሳሙና ዋጋ መግዛት ያናድዳል።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። እድፉ የሚፈራውን ማወቅ ነው። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ የውሃ ድንጋይ ኮምጣጣ ይፈራል። ቅባት ደግሞ ሶዳና አመድ ይፈራል። ይህን ካወቃችሁ ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ።

ከማንቆርቆሪያው እንጀምር። የኔ ሰፈር ውሃ ከጉድጓድ ስለሚመጣ ድንጋዩ ቶሎ ይጋገራል። ሻይ ስቀዳ ነጭ ቅርፊት ስኒው ላይ ይንሳፈፋል። ግማሽ አቼቶ፣ ግማሽ ውሃ አድርጋችሁ ድንጋዩን እስኪሸፍነው ሙሉና አፍሉት። ካወረዳችሁት በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ተዉት። ክዳኑን ከፍታችሁ ብታዩ ድንጋዩ ላይ ጥቃቅን አረፋ ይወጣል፤ ከዚያ እንደ እንቁላል ቅርፊት እየተላጠ ይወድቃል። ደፍታችሁ እጠቡት። አንዴ ንጹህ ውሃ አፍልታችሁ ድፉና ሻያችሁን ጣዱ። አቼቶ ከሌለ የሦስት ሎሚ ጭማቂም ያው ሥራ ይሠራል፤ ግን ሎሚ በሚወደድበት ሰሞን አያዋጣም።

የሻወሩ ጭንቅላት ቀዳዳው ከተደፈነ ፌስታል ውስጥ አቼቶ ጨምሩና ጭንቅላቱን አስጠልቃችሁ በላስቲክ እሰሩት። አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ሌሊቱን ሙሉ ካደረ ማብለጭለጫው ይበላሻል።

ለመስታወትና ለቧንቧ የምጠቀምበትን በመርጫ ጠርሙስ ነው የማስቀምጠው። የብርቱካን ልጣጭ በብርጭቆ ማሰሮ ጠቅጥቄ አቼቶ እሞላበታለሁ። ልጣጩ ከላይ ብቅ ካለ ስለሚሻግት በደንብ መስጠም አለበት። ሁለት ሳምንት ከቆየ በኋላ አጥልዬ ከእኩል ውሃ ጋር እቀላቅለዋለሁ። ልጣጩ የሚጠቅመው በዋናነት የአቼቶውን ሽታ ለማለዘብ ነው። እብነበረድ ላይ ግን እንዳትረጩት። ኮምጣጣ እብነበረድን ይበላዋል፤ አንዴ ወዙ ከጠፋ በቀላሉ አይመለስም።

ወደ ምድጃው ስንመጣ ተራው የሶዳ ነው። ሱቅ ስትሄዱ ቤኪንግ ሶዳ በሉ፤ ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው። ፓውደሩ ውስጥ ኮምጣጣ ዱቄትና ስታርች ስላለበት ለጽዳት አይረባም። ሽሮ ገንፍሎ የደረቀበትን ምድጃ ታውቁታላችሁ መቼም፣ ሲሚንቶ ነው የሚሆነው። ሦስት ማንኪያ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ ለውሳችሁ ለጥፉበትና እራት ከበላችሁ በኋላ ተዉት፤ ይደር። ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርጉት አብሮ ይነሳል። አልሙኒየም ድስት ላይ ግን አታሳድሩት፤ ያጠቁረዋል።

ሶዳና አቼቶ ቀላቅለው ጠርሙስ ውስጥ የሚያስቀምጡ ሰዎች አያለሁ። ሲገናኙ የሚያደርጉት ፏፏታ ዓይን ይማርካል። ነገር ግን አንዱ ሌላውን ያከሽፈዋል። አረፋው ሲበርድ የሚተርፋችሁ ጨዋማ ውሃ ነው። በየተራ ተጠቀሙባቸው።

ለድስት ጀርባ ጥላሸት አሁንም ከአመድ የሚበልጥ አላገኘሁም። የእንጨት አመድ በወንፊት ንፉ፤ ያልተነፋ አመድ ውስጥ ያለች ጠጠር ድስቱን ትፍቀዋለች። ስፖንጁን አርጥባችሁ አመዱን አስነኩና ፈትጉ። ቴፍሎን ባለበት አትሞክሩት። ምጣድና ጀበናን ደግሞ ከሳሙናም አርቁልኝ። ሸክላ ሳሙና ይጠጣል፤ በማግስቱ ቡናችሁ ላርጎ ላርጎ ይላል።

ውሃ የምናጠራቅምበት ጀሪካን ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ሲያንሸራትት እጅ አይገባበትም። ሁለት እፍኝ ሻካራ ጨው፣ አንድ ስኒ አቼቶ፣ ትንሽ ውሃ ጨምሩበትና ክዳኑን አጥብቃችሁ አንቀጫቅጩት። እኔ ይህን ሥራ ለልጆቹ ሰጥቻለሁ። ሙዚቃ ከፍተው ነው የሚንጡት። ከዚያ ደጋግሞ ማለቅለቅ ነው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ፣ እንዶድ። እማዬ ጎጃም ስታድግ ጋቢ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር። አሁንም ‹‹ጋቢዬን ኦሞ እንዳታስነኪብኝ›› ትላለች። ደረቅ ፍሬውን ሾላ ገበያ ጌሾና ግራዋ ከሚሸጡት እናቶች እገዛለሁ። ቁጥቋጦው ካላችሁ ፍሬውን ሳይቀላ፣ አረንጓዴ እያለ ልቀሙና ፀሐይ ላይ አድርቁት። ስትወቅጡ አፍና አፍንጫችሁን በነጠላ ሸፍኑ። ብናኙ የዋዛ አይደለም፤ መጀመሪያ ቀን ከሃያ ጊዜ በላይ አስነጥሻለሁ።

ለአንድ ጋቢ ሁለት እፍኝ የተወቀጠ እንዶድ ይበቃል። በአንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃ በጥብጡትና ግማሽ ሰዓት አስቀምጡት። ሲማታ እንደ ሳሙና ወፍራም አረፋ ያወጣል። ከዚያ በስስ ጨርቅ አጥልሉት። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ሳላጠል ደፋሁትና ገለባው ድሩ ውስጥ ተሰግስጎ እሁዴን ሙሉ ስለቅም ዋልኩ። የተጠለለውን ውሃ በሞላ ሳፋ ላይ ጨምሩ፣ ጋቢውን ንከሩ፣ ሩብ ሰዓት ያህል በቀስታ እሹት፣ አለቅልቁት። ጋቢው ይለሰልሳል፣ የጥበቡም ቀለም አይደበዝዝም። ለማንኛውም መጀመሪያ በጫፉ ሞክሩት።

የእንዶድ እጣቢ ወንዝ ወይም ኩሬ ውስጥ አይደፋ፤ ዓሣ ይገድላል። ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አድዋ ላይ ያስተዋሉት ይህንኑ ጉልበቱን ነው። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ። ቀንድ አውጣዎቹ የብልሃርዚያ ተሸካሚዎች ስለሆኑ ነገሩ ትልቅ ምርምር ሆነ። ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር በዚያው አቆጣጠር በ1989 ‹‹አማራጭ ኖቤል›› የሚባለውን ሽልማት አገኙበት። እማዬ ይህን ስነግራት ‹‹እኛማ ለጋቢ ነበር›› ብላ ዝም አለች።

በረኪናን ጨርሼ አልጣልኩትም። ቤት ውስጥ ተቅማጥ የያዘው ሰው ካለ ሽንት ቤቱን የማጸዳው በበረኪና ነው፣ ለብቻው፣ መስኮት ከፍቼ። አቼቶ ድንጋይ ያሟሟል እንጂ እንደ በረኪና ጀርም አይገድልም። በውሃ የበጠበጥኩት በረኪና ጉልበቱ ስለሚደክም ለማግስቱ አላሳድረውም።

አንድ የቀረኝ ነገር የጠርሙሱ ጉዳይ ነው። ባለፈው የብርቱካኑን አቼቶ በሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልቼ ጠረጴዛ ላይ ረሳሁት። ቀለሙ ጁስ ነው የሚመስለው። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ አንስቶ አንድ ጉንጭ ጠጣና ፊቱ ተጨማደደ። አቼቶ ስለሆነ ስቀን አለፍን። የእንዶዱ ውሃ ቢሆን ኖሮ ሐኪም ቤት እንሮጥ ነበር። አሁን ሁሉም ጠርሙስ ላይ ፕላስተር ለጥፌ በወፍራም እስክሪብቶ ‹‹አይጠጣም›› ብዬ ጽፌያለሁ፤ ከላይኛው መደርደሪያም አይወርዱም።